ከድሬ ጅቡቲ በራስ መኪና፦ ወረቀቱ፣ የመንገድ ክፍያውና የማዶው ሕግ

ከዚራ07

ሰላም ለሁላችሁ። በሐምሌ ጅቡቲ የዘመድ ሠርግ አለብን። ልጆችና ዕቃ ስላለ በባቡር ከመንገላታት በመኪና ብንሄድ ብለን አስበናል። መኪናዋ ቤንዚን ኮሮላ ናት፣ አሮጌ ሞዴል፣ ኮድ 2። ሊብሬው በአባቴ ስም ነው፤ እሳቸው አይሄዱም፣ የምነዳው እኔ ነኝ። ቦሎ ተለጥፏል፣ ሦስተኛ ወገንም ታድሷል። መንጃ ፈቃዴ ጊዜው አላለፈም።

የማላውቀው ይሄን ነው። ከእነዚህ ሌላ ምን ወረቀት ያስፈልጋል? ኢንሹራንሱ ማዶ ይሠራል ወይ? ድንበሩ ላይ እስካለው ደወሌ ኬላ ድረስ ያለው የመንገድ ክፍያስ እንዴት ነው? አንዱ "ፓስፖርትህን ያዝና ሂድ፣ ሰፈርህ እኮ ነው" ይለኛል፤ ሌላው "ኬላ ላይ ታድራለህ" እያለ ያስፈራራኛል። የሚያውቅ ሰው በዝርዝር ቢያስረዳኝ።

ሳቢያን_ትራንዚት

ከሊብሬው ልጀምር፣ ኬላ ላይ ሰው የሚያስቆመው እሱ ነውና። በአንተ በኩል ሁለት ነገር ይታየኛል፤ ባለቤቱ አብሮ አይሄድም፣ መኪናዋም አሮጌ ናት።

ባለቤቱ ስለማይሄድ ውክልና ግድ ነው። አገር ውስጥ ለመንዳት የሚሰጠው ተራ ውክልና ግን አይበቃህም። "መኪናውን ከአገር ይዞ እንዲወጣና እንዲመልስ፣ በጉምሩክ ፊት ቀርቦ እንዲፈርም" የሚል ቃል በግልጽ ይጻፍበት። የታርጋ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩም ይግባ። አባትህ ሰነዶች ማረጋገጫ መታወቂያቸውንና ዋናውን ሊብሬ ይዘው ቀርበው ይፈርማሉ። መኪናው የጋራ ሀብት ከሆነ የእናትህም ፊርማ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ አብረው ቢሄዱ ምልልሱ ይቀርላችኋል።

ወደ መኪናዋ ስመጣ፣ አሮጌ ኮሮላ ብዙ ጊዜ ሞተር ተቀይሮላታል። ሊብሬው ላይ ግን የድሮው ቁጥር እንዳለ ይቀራል። አገር ውስጥ ስትነዳ ማንም አይጠይቅህም፤ ጉምሩክ ግን ቦኔት አስከፍቶ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ከመሄድህ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለህ ራስህ አንብበው። የሻንሲው ቁጥር በአሮጌዎቹ ኮሮላዎች ሞተሩንና ጋቢናውን በሚለየው ብረት ላይ ተቀርጿል፤ ቦኔቱን ስትከፍት ፊት ለፊትህ ነው። የሞተሩ ቁጥር እታች ብሎኩ ላይ ስለሆነ በዘይትና በአቧራ ተሸፍኖ ታገኘዋለህ። ነጭ ጋዝ በጨርቅ አድርገህ አጥበው፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትገው፣ ከዚያ በስልክህ መብራት ከጎን አብራበት፤ ፊት ለፊት ካበራህበት ቁጥሩ አይነበብም። በሽቦ ብሩሽ ወይም በሸካራ ወረቀት እንዳትነካው። የተፋቀ ቁጥር "ተነካክቷል" ተብሎ ከማይነበበው የባሰ ጣጣ ያመጣል። አንዲት ፊደል እንኳ ከሊብሬው ከተለየች መጀመሪያ መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ አስተካክል። ያን ሳታደርግ ጉምሩክ መሄድ ጊዜ ማጥፋት ነው።

መኪናዋ በባንክ ብድር ተይዛ ከሆነ የባንኩ የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልግሃል። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጉምሩክን ሳትጠይቅ አትነሳ።

ከዚያ ድሬዳዋ ጉምሩክ ሄደህ መኪናዋ በጊዜያዊነት ወጥታ እንደምትመለስ የሚያሳየውን ሰነድ ታስወጣለህ። ማመልከቻ፣ ሊብሬ፣ ውክልና፣ ፓስፖርትና መንጃ ፈቃድ፣ ሁሉም ከነኮፒው። ዋስትና ሊጠይቁህም ይችላሉ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው መመለሻውን ነው። ስትመለስ ደወሌ ላይ "ገብታለች" ተብሎ በሰነዱ ላይ ካልተዘጋልህ፣ መዝገቡ ላይ መኪናዋ ውጭ አገር እንዳለች ትቀራለች፤ ስትሸጥ ወይም ስም ስታዛውር ይመጣብሃል። ማታ ደርሰህ ሠራተኛው ቢቸኩል እንኳ ማኅተሙን ሳታይ ኬላውን አትለፍ።

በማዶ በኩልም የጅቡቲ ጉምሩክ ጊዜያዊ መግቢያ ይሰጥሃል፤ መውጫ ቀን አለው። ሠርጉ ተራዝሞ መቆየት ብትፈልግ ቀኑ ሳያልፍ ነው ማስራዘም ያለብህ። ካለፈ መኪናዋን እንዳስገባሃት ተቆጥሮ ቀረጥና ቅጣት ይከተላል።

ቪዛን በተመለከተ ድሬ ላይ የጅቡቲ ቆንስላ ስላለ ሩቅ አትሄድም። ልጆቹ የየራሳቸው ፓስፖርት ይኑራቸው። እናታቸው አብራ ካልሄደች የእሷን የጽሑፍ ፈቃድ ያዝ።

ቀኑን ስትመርጥ ይህን አስብ፦ ዓርብ ጅቡቲ ቢሮ ዝግ ነው፣ እሑድ ደግሞ በእኛ በኩል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ጠዋት ደወሌ ብትደርስ ሁለቱንም ወገን በሥራ ላይ ታገኛቸዋለህ።

ሳቢያን_ትራንዚት

አንድ ረሳሁ። ሊብሬውን፣ ውክልናውንና መንጃ ፈቃዱን በፈረንሳይኛ አስተርጉም፤ ማኅተም ባለው አስተርጓሚ።

ደቻቱ

አቦ ይሄ ፈረንሳይኛ ምንድነው! ጅቡቲ ያለው ፖሊስ ሶማሊኛ ይናገራል፣ አማርኛም የሚሰማ ሞልቷል። ሰውየውን ለማይረባ ወጪ አትዳርጉት።

ሳቢያን_ትራንዚት

ዋሪያ፣ ለሰላምታውማ ልክ ነህ፣ ቋንቋ አይቸግርም። መኪናው ከተጋጨ በኋላ ግን ሪፖርቱ የሚጻፈው በፈረንሳይኛ ነው፤ ኢንሹራንሱም የሚያነበው እሱን ነው። ከቋንቋው የባሰው ደግሞ ቀኑ ነው። የእኛ ወረቀት ላይ "እስከ ሰኔ 30 ቀን 2018 ዓ.ም." ተብሎ ከተጻፈ፣ ማዶ ያለው ሰው 2018ን በራሱ አቆጣጠር ያነብና "ይሄማ ካለፈ ዓመታት ሆኖታል" ይልሃል። በእነሱ አቆጣጠር ጁላይ 7 ቀን 2026 ነው። ብታስረዳው ሊያምንህ ይችላል፣ ላያምንህም ይችላል። ስለዚህ አስተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦ እንዳይጽፈው፤ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጦ ይጻፈው። አንዳንዱ አስተርጓሚ ፊደሉን ይተረጉምና ዓመቱን እንዳለ ይተወዋል፤ ሳትከፍለው በፊት አይተህ ተቀበል።

ፖሊሲ_ቁጥር

የኢንሹራንሱን ልመልስ። በእጅህ ያለው ሦስተኛ ወገን ደወሌ ላይ ያበቃል። ማዶ የሚሠራልህ የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) የሎ ካርድ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ የሚባለው ኢንሹራንስ ነው። ከ1980ዎቹ በፈረንጅ ጀምሮ ያለ አሠራር ነው፤ ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ዛምቢያና ሌሎችም አሉበት። በኢትዮጵያ የሚያስተባብረው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ነው። ሦስተኛ ወገን ከገባህበት ኩባንያ ጠይቅ፤ አሁን ባለህ ፖሊሲ ላይ ተጨምሮ ነው የሚሰጠው፣ ለብቻው አይሸጥም። ዋጋው እንደ መኪናው ዓይነትና እንደምትቆይበት ጊዜ ይለያያል። የሦስተኛ ወገንህ ማብቂያ ከጉዞው መሃል ላይ የሚወድቅ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አሳድስ።

ስትቀበል እዚያው ጠረጴዛው ላይ አራት ነገር እይ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑን፤ ጅቡቲ ከተፈቀዱት አገሮች ውስጥ አለመሰረዟን፤ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር መጻፉን፤ ፊርማና ማኅተም መኖሩን። ዋናውን ያዝ፣ ፎቶ ኮፒ አይቀበሉም። የጅቡቲውን ቢሮ ስምና ስልክም እዚያው አስጽፍ።

የሚሸፍነው ሌላው ሰው ላይ የምታደርሰውን ጉዳትና የሹፌሩንና የተሳፋሪውን የሕክምና ወጪ ነው። የራስህ ኮሮላ ብትሰበር ወይም ብትሰረቅ የሎ ካርዱ አይመለከተውም። ሙሉ ኢንሹራንስ ያለው ሰው እንኳ ፖሊሲው ከአገር ውጭ እንዲሠራ በጽሑፍ ካላስጨመረ እንደሌለው ነው።

አደጋ ከደረሰ መኪናውን ፖሊስ ሳያይ አታንቀሳቅስ፤ የፖሊስ ሪፖርት ሳትይዝ አትሂድ፤ መንገድ ዳር "እንስማማ" ብለህ አትክፈል፣ ጥፋተኛ ነኝ ብለህም አትፈርም። ከከፈልክ በኋላ ቢሮው አይተካልህም።

ደግሞ ለቢጫ ወባ ክትባት የሚሰጠውንም ሰዉ ቢጫ ካርድ ይለዋል። ኬላ ላይ "አለኝ" ብሎ የክትባቱን የሚያወጣ ሰው አይጠፋም። ክትባቱንም ያዝ፣ ግን መኪናህን አያሳልፍልህም።

ከዚራ07

እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ሁሉ ማን ይነግረኝ ነበር። የሞተሩን ቁጥር ነገ አያለሁ። ስለ መንገዱስ? ክፍያውና መኪናዋን ለዚያ ሙቀት ማዘጋጀቱ።

አይሻ_መስመር

ከድሬ በሽንሌ፣ በአዲጋላና በአይሻ አድርጎ ደወሌ የሚደርሰው መንገድ ወደ 220 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚያስተዳድረው የክፍያ መንገዶች ኢንተርፕራይዝ ነው። ክፍያው በተሽከርካሪው ዓይነትና በርቀቱ ይሰላል፤ ታሪፉ ስለሚከለስ ባለፈው ዓመት የሄደ ሰው የነገረህን ሒሳብ አትያዝ። በስልክ ለመክፈል ብታስብም ጥሬ ብር ያዝ፣ ያውም ዝርዝር። ኔትወርክ ሲጠፋ ከኋላህ ሃያ ተሳቢ ቆሞ ክላክስ እያደረገ መዘርዘሪያ መለመን ደስ አይልም። ደረሰኙን ከመንገዱ እስክትወጣ አትጣለው።

ክፍያ ስለከፈልክ መንገዱ የአንተ ብቻ አይደለም። ግመልና ፍየል ይሻገራል። ግመል ቁመቱ አደገኛ ያደርገዋል፤ የኮሮላ አፍንጫ እግሩን ይመታና ገላው መስታወቱ ላይ ይወርዳል። ደግሞ አንድ ግመል ካለፈ ሁለተኛው ይከተላልና ፊተኛው ተሻገረ ብለህ ነዳጅ አትስጥ። ለዚህ ነው በሌሊት አትሂድ የምለው፤ ሙቀቱን ለመሸሽ ሌሊት የሚነዳ ሰው ሙቀቱን በግመል ነው የሚለውጠው። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስተህ ፀሐይ ሳትከር ደወሌ መድረስ ነው የሚያዋጣው። ሐምሌ ላይ ጅቡቲዎቹ ራሳቸው ወደ እኛ ነው የሚሸሹት፣ እናንተ ደግሞ ወደዚያ!

አይሻ አካባቢ ነፋሱ ቀልድ አይደለም፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫውን እዚያ የተከሉት በከንቱ አይደለም። ተሳቢ ስታልፍ ነፋሱን ይከልልህና አፍንጫውን እንዳለፍክ በአንድ ጊዜ ይመታሃል። መሪውን በሁለት እጅ ያዝ፣ ፍጥነትህን ቀንስ። ጣሪያ ላይ ዕቃ ካሰርክ በዚያ ቦታ ትጸጸታለህ፤ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ የማይገባውን ተወው።

ጎማን በሚመለከት፣ ጥርሱ ስላለ ብቻ ደህና ነው አትበል። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ፤ 2317 ካለ በ2017 በፈረንጅ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የሰነበተ ጎማ ድሬ ውስጥ ለዓመታት ያገለግልሃል፤ በጋለ አስፋልት ላይ ሰዓታት ስትነዳው ግን ይላጣል። ስኮርታውንም በዚሁ ዓይን እየው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ የሚያረጀው እሱ ነው። ንፋሱን ጠዋት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ባለው ልክ ሙላ። መንገድ ላይ ሲግል ከፍ ይላል፤ ያ የሚጠበቅ ነው። "በዛ" ብለህ እንዳታተነፍሰው። ያነሰ ንፋስ ያለው ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይበልጥ ይግላል፣ የሚፈነዳውም እሱ ነው።

ራዲያተሩን ለመፈተሽ ቀላል መንገድ አለ። መኪናዋን ቆማ አስነሳ፣ ኤሲ ክፈትና ፋኑ ወዲያው መዞር አለመዞሩን እይ። ካልዞረ ሪሌው ወይም ፊውዙ ወይም የፋኑ ሞተር ነው፤ በርካሽ ይሠራል፣ ግን ድሬ እያለህ ነው። የራዲያተር ክዳን ጎማው ከደረቀ ቀይረው፤ ግፊት ካልያዘ ውኃው ቶሎ ይፈላል። ንጹህ የቧንቧ ውኃ ብቻ ከምትሞላ ኩላንት ግማሽ በግማሽ ቀላቅል። መንገድ ላይ የሙቀት ጌጁ ከመሃል ሲያልፍ መጀመሪያ ኤሲውን ዝጋ፣ ካልወረደ የማሞቂያውን አየር ሙሉ በሙሉ ክፈት፤ ልጆቹ ይጮሃሉ፣ ሞተሩ ግን ይድናል። ቀይ ከደረሰ ቁም፣ አጥፋ፣ ክዳኑንም ለግማሽ ሰዓት ያህል አትንካ። የሚጠጣውን ውኃና የራዲያተሩን ለየብቻ ያዝ።

ነዳጅ ድሬ ላይ ሙሉ ሞልተህ ውጣ። በጀሪካን ይዞ መሻገር ኮንትሮባንድ ነው፣ አትሞክረው። ማዶ ቤንዚን "ኤሳንስ"፣ ናፍጣ "ጋዙዋል" ነው። "ጋዝ" ብለህ ስታዝዝ ናፍጣ ሊቀዱልህ ስለሚችሉ ቧንቧው ላይ ያለውን ጽሑፍ ራስህ አንብብ። በስህተት ከተቀዳ ቁልፉን እንዳትነካው፤ ሳይነሳ ታንከሩን ማራገፍ ይበቃል፣ ከተነሳ ግን መርፌውም መስመሩም ይታጠባል።

ማዶ እንደ እኛው በቀኝ ነው የሚነዳው። ከዓሊ ሳቢህ ጅቡቲ ከተማ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ግራንድ ባራ የሚባለው ሜዳ ላይ መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ እግር ይከብዳል፣ አቧራም ድንገት ይነሳል፤ አጭር መብራትህን ቀንም አብራ። ከጋላፊ ኬላ የሚመጣው የከባድ መኪና መስመርም በመንገድህ ይቀላቀልሃል። "ፒኬ" የሚሉት ከከተማው መሃል ያለውን ኪሎ ሜትር ነው፤ ፒኬ 12 ካሉህ 12 ኪሎ ሜትር ቀርቶሃል ማለት ነው፤ አድራሻም የሚሰጡህ በዚያው ነው።

የውጭ ጦር ሰፈር የሞላበት አገር ስለሆነ ወደቡንና ሰፈሮቹን ፎቶ አታንሳ። መስታወት ላይ የሚለጠፍ ካሜራ ካለህ ደወሌ ላይ ንቀለው።

የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ 1 ዶላር 177.7 ፍራንክ። ይቺን ቁጥር ያወቀ ሰው ኬላ ላይ በሚመነዝሩት አይታለልም።

ሸዋበር

ሰላም፣ ከሐረር ነኝ። ጣልቃ ገባሁ ይቅርታ፣ ግን ርዕሱ ቅርብ ስለሆነ ነው። ከባለቤቴ ጋር እህቴን ለመጠየቅ ዱባይ እንሄዳለን። እዚያ መኪና ተከራይቶ መንዳት ይፈልጋል። የመንገድ ክፍያው በየት ነው የሚከፈለው? "ዝም ብሎ ይቆረጣል" ይላሉ፤ ከማን ላይ?

ደይራ_ድሬ

እህቴ፣ ዱባይ ውስጥ ክፍያ የሚቀበል ሰውም ዳስም የለም። ሳሊክ ይባላል፤ ከ2007 በፈረንጅ ጀምሮ ያለ ነው። መኪናው በበሩ ሥር ሲያልፍ መስታወቱ ላይ ያለው ተለጣፊና ታርጋው ይነበባል፣ ሒሳቡ ከመኪናው አካውንት ላይ ይቀነሳል። የኪራይ መኪና አካውንት የአከራዩ ስለሆነ እሱ ይከፍላል፣ ከእናንተ ይቀበላል። ችግሩ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፤ አንዳንዱ አከራይ በእያንዳንዱ ማለፍ የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል። ውል ሳትፈርሙ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በአንድ በር በድምሩ ስንት ታስከፍላላችሁ? መያዣው ገንዘብ ከመኪናው መመለስ በኋላ በስንት ቀን ይለቀቃል? መያዣውን የሚያቆዩት ዘግይቶ የሚመጣ የሳሊክና የራዳር ቅጣት ስላለ ነው።

ታሪፉ ከጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ጀምሮ በሰዓት ይለያያል። በእኛ አቆጣጠር፣ በዱባይ ሰዓት ልንገርሽ፤ ዱባይ ከእኛ አንድ ሰዓት ይቀድማል። ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት እና ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በአንድ ማለፍ 6 ድርሃም ነው። በመሃል ያለው ሰዓትና ከምሽቱ 2 እስከ ሌሊቱ 7 ደግሞ 4 ድርሃም። ከሌሊቱ 7 እስከ 12 ነፃ ነው። እሑድ፣ ትልቅ ዝግጅት ካለበት ቀን በቀር፣ ከነፃው ሰዓት ውጭ ቀኑን ሙሉ 4 ነው። በረመዳን ሰዓቱ ይቀየራል። አል ሳፋ ላይ ያሉት ሁለት በሮች በአንድ አቅጣጫ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከታለፉ እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ አል ማምዛር ላይ ያሉትም እንደዚያው።

አቡ ዳቢ ሌላ ሥርዓት ነው ያለው፣ ዳርብ ይባላል። የሚያስከፍለው በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ብቻ ነው፤ በአንድ ማለፍ 4 ድርሃም። እሑድ ነፃ ነው። አከራዩ መኪናውን ዳርብ ላይ ማስመዝገቡን ጠይቁ።

ክፍያው ያን ያህል አይጎዳም፤ የሚጎዳው ቅጣቱ ነው። ስልክ ይዞ መንዳት 800 ድርሃም፣ ቀበቶ አለማሰር 400፣ ለእግረኛ አለመቆም 500፣ ቀይ መብራት መጣስ 1000 ከነመኪናው መያዝ። ከ4 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ልዩ መቀመጫ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጋቢና አይቀመጥም። ፍጥነት ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዱባይን ለምዶ አቡ ዳቢ ሲገባ ነው። ዱባይ ውስጥ ራዳሩ ከተጻፈው በላይ 20 ኪሎ ሜትር ይታገሣል። አቡ ዳቢ ከ2018 በፈረንጅ ጀምሮ ያን አንስቷል፤ 140 ከተጻፈ 141 ላይ ያነሳሃል። ባለቤትሽ በልማድ ሳይሆን ምልክቱ ላይ የተጻፈውን ፍጥነት እያየ ይንዳ።

መንጃ ፈቃዱን በተመለከተ፣ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ኢትዮጵያ እያለ ያውጣ፤ የሚሰጠው ዋናውን መንጃ ፈቃድ በሰጠው አገር ብቻ ነው። ኢንተርኔት ላይ "በ24 ሰዓት እንልክልዎታለን" የሚሉት ካርድ ዋጋ የለውም፣ አከራዩም ኢንሹራንሱም አይቀበለውም። ዓለም አቀፉ ያለ ዋናው አይሠራምና ሁለቱም አብረው ይያዙ። መኪናው ሲሰጣችሁ ዙሪያውን በቪዲዮ ቅረጹ፤ ጎማውን፣ ጠርዙን፣ መስታወቱን፣ የነዳጁንና የኪሎ ሜትሩን ጌጅ። ወደ ኦማን መሻገር ከፈለጋችሁ ደግሞ ከአከራዩ የጽሑፍ ፈቃድና የኦማን ኢንሹራንስ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ድንበር ላይ ትመለሳላችሁ።

ካራማራ

የሐረር ሰው ካለ አንድ ነገር ልጨምር። በጅጅጋ በኩል ቶጎጫሌ አልፎ ሐርጌሳ ለሚሄድ የሎ ካርዱ አይሠራም፤ የኢትዮጵያ ኢንሹራንስም አይከተለውም። እዚያም በቀኝ ነው የሚነዳው፤ ነገር ግን አብዛኛው መኪና መሪው በቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ ከፊትህ ያለው ሾፌር ለመቅደም ሲወጣ መንገዱን ሳያይ ነው የሚወጣው፤ ግማሽ አካሉ ሲወጣ ነው ከፊት የሚመጣውን የሚያየው። ርቀት ጠብቅ፣ እሱ እያለፈ ሳለ አትከተለው።

ከሐረር ወደ ድሬ የሚወርድም ካለ፣ ጅቡቲ ለመሄድ ደንገጎን ሲወርድ በ2ኛና በ3ኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዘው። ፍሬኑን ረግጦ የወረደ ሰው ድሬ ሲደርስ ዘይቱ ፈልቶ ፔዳሉ ይለሰልስበታል፤ ከዚያ 220 ኪሎ ሜትር ይጠብቀዋል።

ሸዋበር

ደይራ_ድሬ፣ አላህ ይስጥልኝ። አንዲት ጥያቄ ብቻ፦ እህቴ ትንሽ የአወዳይ አምጪልኝ ትላለች። በሻንጣ ሳይሆን በኪራዩ መኪና ውስጥ ብትሆን ምን ችግር አለ?

ደይራ_ድሬ

አይሆንም፣ በሻንጣም በመኪናም። ኤምሬትስ ውስጥ ጫት እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚታየው፤ ጥቂት ብትሆንም እስር አለበት። መኪና ውስጥ ከተገኘ የሚጠየቀው ውሉን የፈረመው ሰው ነው፣ ማለትም ባለቤትሽ። ለእህትሽ የሐረር ቡና ውሰጂላት። ባለቤትሽ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ካለው ደግሞ ማዘዣውን በእንግሊዝኛ አጽፉ፤ እዚህ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ የሕመም ማስታገሻ እዚያ የተከለከለ ሊሆን ይችላል።

ከዚራ07

የሞተሩን ቁጥር አየሁት፣ መጨረሻው ላይ ሊብሬው 8 ይላል፣ ብሎኩ ላይ 3 ይመስላል።

ሳቢያን_ትራንዚት

በደንብ አጥበህ ከጎን አብርተህ ደግመህ እይ፤ 8 ግማሹ በዝገት ሲሞላ 3 ይመስላል። በወረቀትና በእርሳስም መሞከር ትችላለህ፤ ስስ ወረቀት ቁጥሩ ላይ አድርገህ በእርሳስ ጎን ስታሸው ቅርጹ ይወጣል። እሱም 3 ካለ ነገ ጠዋት መንገድ ትራንስፖርት ሂድ፣ ውክልናውን ግን እስከዚያ አታጽፍ፤ በተሳሳተ ቁጥር ከተጻፈ እንደገና ነው የምትከፍለው።